ዘይነባ በልብስ ገመድ ያየቻት ጀርመን

ዘይነባ ማረፏን የሰማሁት ድሬዳዋ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ፣ የመጋረጃ ጨርቅ ስመርጥ ነው። ባለ ሱቋ ሃዋ ነበረች። ሃዋና እኔ በደርግ ጊዜ እዚሁ ድሬዳዋ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሳሙና ስንቆርጥ ስድስት ዓመት አሳልፈናል። ጨርቁን እየዘረጋችልኝ ድንገት እጇ ቆመ።

«ጥሩዬ፣ አዴ ዘይነባ እኮ ሞተች። አልሰማሽም?» አለችኝ።

«መቼ?»

«ሦስት ሳምንት ሆናት። ወላሂ አንቺን ያልፈለግንበት የለም። አዲስ አበባ ልጅሽ ጋ ሄደሻል አሉን።»

ሱቁ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ሃዋም አብራኝ አለቀሰች። ትንሽ ቆይታ ግን ዓይኗን በሻሿ ጠረገችና፣ «ለቅሶው ላይ ሰው እንዴት ይስቅ እንደነበር ብታዪ» አለችኝ። «አንዷ የጀርመኑን ፎቶ ነገር አነሳች፤ ከዚያ በኋላ ማን ያቁመን? ሼኹ ሳይቀሩ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ።» ይሄን ስትለኝ እኔም ሳልወድ ሳቅኩ። ሁለት አሮጊቶች እያለቀሱ ሲስቁ ያዩ ደንበኞች ከደጅ ተመለሱ፤ አልፈርድባቸውም።

ዘይነባ የፋብሪካችን የማብሰያ ክፍል ኃላፊ ነበረች። ወረቀቱ ላይ ኃላፊው ሌላ ሰው ነው፤ ዲፕሎማ ያለው፣ ነጭ ካፖርት የሚለብስ። ነገር ግን በርሜሉ ውስጥ የሚንተከተከው ሳሙና መድረስ አለመድረሱን የሚያውቀው ማን እንደሆነ እሱም አሳምሮ ያውቃል። ዘይነባ በማማሰያ ትንሽ ጨልፋ፣ አብርዳ፣ በምላሷ ጫፍ ነካ ታደርገዋለች። ዓይኗን ጨፍና ጥቂት ትቆያለች። «ይነክሳል» ካለች ስቡን ሳሙና የሚያደርገው፣ የሚያቃጥለው ኮስቲክ ሶዳ ገና አልሞተምና እሳቱ ይቀጥላል። «አይነክስም» ካለች ሳሙናው ወደ ሣጥኑ ይገለበጣል። ባለ ዲፕሎማው በብልቃጥ ለክቶ እስኪጨርስ እኛ ሣጥኑን ሞልተን ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን።

ሰውንም የምትመዝነው በዚሁ ምላስ ነበር። ጓድ ሰይፉ የፋብሪካው የፖለቲካ ኃላፊ ሆኖ ከደጋ ሲመጣ ወጣት፣ ቀጭን፣ ፋይል ከብብቱ የማይለየው፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ኮቱን የማያወልቅ ሰው ነበር። ዘይነባ ሳምንት ሙሉ አየችውና፣ «ይነክሳል፤ ግን ይበስላል» ብላ ፈረደች።

እሱ ደግሞ የደነገጠው በ«አንተ»ዋ ነው። በሁለተኛው ቀን ይመስለኛል፣ በግቢው ሲያልፍ፣ «አንተ ሰይፉ፣ ኮትህን አውልቅ አቦ፣ ትቀልጣለህ» አለችው። ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ። በድሬ «አንቱ» ብዙ እንደማይታወቅ፣ ሥራ አስኪያጁም ዘበኛውም እኩል «አንተ» እንደሚባሉ ያስረዳነው እኛ ነን። እኛም ዘይነባን በእናታችን ዕድሜ ብትሆንም፣ ኦሮሞዎች ለትልቅ ሴት በሚሰጡት ክብር «አዴ» እንላት ነበር እንጂ አንቱ ብለናት አናውቅም። ብንላት ትቀየመን ነበር።

አሁን ወደ እጃችን ልምጣ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እሱ ነውና። ሳሙናው ከሣጥኑ ሲወጣ በሽቦ እንቆርጠዋለን፣ በእጃችን አንስተን እንደረድረዋለን። ኮስቲኩ ሙሉ በሙሉ ያልሞተ ዕለት እጅ ይበላል። መጀመሪያ የጣት መሐል ይቀላል፣ ቀጥሎ ይላጣል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ምሳ ስንበላ በርበሬው ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ እንባችንን ያወርደዋል። ሃዋ ልታገባ ጥቂት ቀን ሲቀራት ሂና ልትቀባ ሄደች። ቀቢዋ ሴት መዳፏን ገልብጣ አየችና፣ «ይሄማ ቁስል ነው፣ እዚህ ላይ አልቀባም» ብላ መለሰቻት። በድሬዳዋ ሙሽራ ያለ ሂና ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።  

ዘይነባ የጎማ ጓንት እንዲገዛልን ስትጠይቅ ያኔ ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። በየወሩ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ትገባና ሁለት መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ታሳየዋለች። መልሱ ያው ነው፤ የውጭ ምንዛሪ የለም። እሷ ስትመላለስ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። አንድ ቀን ሲመረው፣ «ጓንት ያጠለቀች ሴት ሥራ አይፈጥናትም» አላት። «እሺ፣ አንተም መነጽርህን አውልቅ፣ ንባብ ይፍጠንህ» ብላው ወጣች።

በዚህ መሐል ኮከብ ሠራተኛ ተብላ ተመረጠች። ሽልማቱ ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ ሦስት ሳምንት ፋብሪካ መጎብኘት ነበር። ዘይነባ እስከዚያ ድረስ ርቃ የሄደችው ጅቡቲ ነው፤ እሱንም ባቡሩ ከመሙላቱ የተነሳ ከአንድ ወፍራም ሰውዬ ጀርባ በስተቀር ምንም ሳታይ። ጓድ ሰይፉ የፋብሪካውን ካሜራ ሰጣት፣ አጠቃቀሙን አሳያት፣ ሁለት ጥቅል ፊልም ጨመረላት።

«ሐውልቶቹን፣ አደባባዮቹን፣ ፋብሪካዎቹን አንሺ። ለግድግዳ ጋዜጣችን ነው። ስትመለሺ ደግሞ በረቡዕ የውይይት ክበብ ሪፖርት ታቀርቢያለሽ» አላት።

«እሺ» አለች። የዘይነባ «እሺ» ምን ማለት እንደሆነ ገና አልገባውም ነበር።

ስትመለስ ፎቶዎቹን ከዚራ ሰፈር ካለው ፎቶ ቤት ሰይፉ ራሱ ሄዶ አመጣቸው። ምሳ ሰዓት ነበር፤ ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠናል። ፖስታውን እዚያው ከፈተው። የመጀመሪያውን አየ፣ ሁለተኛውን አየ፣ አምስት ስድስቱን ቶሎ ቶሎ ገለበጠ።

«አዴ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የተሰጣ ልብስ።»

«ይሄስ?»

«እሱም ልብስ። ይሄኛው ግን በረንዳ ላይ ነው።»

«ሐውልቱስ የታለ?»

«ያውልህ» ብላ በጣቷ አሳየችው። እውነትም ከአንድ የተሰጣ አንሶላ ጀርባ የአንድ ሐውልት እጅ ወደ ሰማይ ተዘርግቶ ይታያል። ከእጁ በቀር ሌላውን አንሶላው ሸፍኖታል።

ከሰባ ሁለቱ ፎቶ ሐውልት ያለበት እሱ ብቻ ነበር። አንድ ዳቦ ቤት ፊት የቆመ ሰልፍና አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ፖም የምትልጥ አሮጊት አሉበት። የቀረው በሙሉ የልብስ ገመድ ነው።

«ሰው ጀርመን ድረስ ሄዶ ልብስ ያነሳል?» አለ ሰይፉ።

«ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ? ሳሙና ሠሪ አይደለሁም? ሳሙና ሠሪ ምን ይይ?» አለችው። «ሐውልት ለእንግዳ የተሠራ ነው። ሰው በሐውልቱ ሊዋሽ ይችላል፤ በልብስ ገመዱ አይዋሽም።»

ከዚያ በኋላ የምሳ ሰዓታችን ለብዙ ሳምንት ጀርመን ሆነ። ዘይነባ አንድ ፎቶ ታወጣና እኛ ምንም ያላየንበት ላይ አንድ ቤተሰብ ታወጣለች። «ይቺን አራተኛ ፎቅ እዩ። ባሏ ታሟል። ቁጠሩት፣ ከፒጃማ ሌላ የተሰጣ የለም። ከሥሯ ያለችው ደግሞ ወልዳለች፤ ይኸው የሕፃን ጨርቅ። ከጎኗ ያለችው የራሷን ልብስ ወደ ጥግ ሰብስባ የገመዷን ግማሽ ለአራሷ ለቃላታለች። እዚያም ጎረቤት አለ ማለት ነው።»

«ሸሚዙን ለምን ዘቅዝቀው ሰቀሉት?» እንላታለን።

«ትከሻው እንዳይወላገድ ነው። እኔም ቤቴ ሞክሬዋለሁ፣ ልክ ናቸው።» ካልሲ ያለበት ፎቶ ሲመጣ ደግሞ ራሷን ትነቀንቃለች። «ካልሲያቸውን ጥንድ ጥንድ አድርገው ነው የሚሰቅሉት። መለያየት የሚፈራ ሕዝብ ነው፣ ምስኪን።»

ከሁሉ የገረማት ፀሐያቸው ነበረች። «እዚህ ድሬ ጨምቀሽ ዞር እስክትዪ ይደርቃል። እዚያ ሁለት ቀን ይፈጃል። ፀሐይዋ የምትወጣው ለይምሰል ነው። ግን ያሰጣሉ። ደመና ነው ብለው አይተዉትም። እኔ ይሄን ወደድኩላቸው» ትለናለች። እኔ በድሬ ፀሐይ ተወልጄ ማደጌ ትልቅ ሀብት እንደሆነ አስቤ አላውቅም ነበር። የተሰጣ ልብስ ባየሁ ቁጥር ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ መገመት የለመድኩትም ከዚያ ወዲህ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ በየመንደሩ ገመድ እየቆጠርኩ ስንት መንገድ ሳይሰለቸኝ ሄጃለሁ።

«ሳሙናቸውስ ከኛ ይበልጣል?» ብላ አንድ ቀን ሃዋ ጠየቀቻት።

«በሽቶው ይበልጠናል፤ በአረፋ አይበልጠንም። ቀምሼዋለሁ።»

«እዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«አዎ። ከረሜላ መስሏት ነው ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁና አይነክስም አልኳቸው። አስተርጓሚው ይሄን ሲነግራቸው ማብሰያው ጋ የነበረ አንድ ሽማግሌ መጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ምላሱን አውጥቶ አሳየኝ፤ እሱም እንደኔ ነው የሚያውቀው።»

ሪፖርት የምታቀርብበት ረቡዕ ሲቃረብ ከአዲስ አበባ፣ ከበላይ አካል፣ እንግዳ እንደሚመጣ ተሰማ። ሰይፉ ተጨነቀ። እንደገና ዛፉ ሥር ተቀምጦ ፎቶዎቹን መለየት ጀመረ፤ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። የዳቦውን ሰልፍ መጀመሪያ አወጣው።

«የዳቦ ሰልፍ ለእንግዳ አይታይም» አላት።

«ዳቦው ግን ትኩስ ነበር።»

«ቢሆንም።»

የሚቀርቡትን እያንዳንዳቸውን አይቶ ጀርባቸው ላይ «ታይቷል» ብሎ ይፈርማል። አንድ ገመድ ላይ ጥቁር ጥቁር ነገር ተሰቅሎ የሚታይበት ፎቶ ላይ ሲደርስ ጥቂት አመነታ። «ይሄስ?» አላት። «እሱም ተሰጥቶ ነው» አለችው። ሰይፉ ልብስ ማየት አንገፍግፎታል። ፈረመና አለፈው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከላይ ቆርቆሮ ነው፤ ሙቀቱ ሌላ ነው። እንግዳው ፀጉሩ የሸበተ፣ ብዙ የማይናገር፣ ደብተር የያዘ ሰው ነበር፤ ከፊት ከሥራ አስኪያጁ ጎን ተቀምጧል። ሰይፉ ለዘይነባ ሁለት ገጽ ንግግር ጽፎላታል። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ስላላት ማንበቡ አያቅታትም፤ ግን እያንዳንዷን ፊደል ልክ እንደ ሳሙናው ስለምታጣራ፣ ሁለት ገጽ እስክትጨርስ ይመሽብን ነበር። ተነሳች። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈችው።

«ጓድ ሰይፉ የጻፈው በጣም ቆንጆ ነው። የራሱ ስለሆነ እሱ ያንብብላችሁ። እኔ ያየሁትን ላሳያችሁ» አለችና ቀጥታ ወደ እንግዳው ሄዳ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ታቀብለው ጀመር። «አንተ እያየህ ወደ ኋላ አሳልፍ፣ እሺ?»

እንግዳው በ«አንተ»ው ደንግጦ ወደ ሰይፉ ዞረ። ሰይፉ ጣራውን ያያል። ዘይነባ በሽተኛውን ባል፣ አራሷን፣ ተዘቅዝቆ የተሰቀለውን ሸሚዝ እየተረከች አዳራሹን በሳቅ አፈረሰችው። እንግዳው ራሱ ካልሲዎቹ ላይ ሲደርስ ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ። የመጨረሻው ጥቁር ጥቁር ነገር ያለበት ፎቶ ነበር።

«ይሄኛው የምን ልብስ ነው?» አላት።

«ልብስ አይደለም። ጓንት ነው» አለች። ድምፅዋ ረጋ አለ። «የዚያ ፋብሪካ ሳሙና ቆራጮች ጓንት ነው፤ እስከ ክርናቸው ይደርሳል። ሥራ ሲያበቁ አጥበው ያሰጡታል፣ ጠዋት መልሰው ያጠልቁታል። በየአንዳንዱ ላይ የባለቤቷ ስም ተጽፎበታል። ኮስቲክ እጃቸውን እንዳይበላው ነው።» ከዚያ ወደ ሰይፉ ዞረች። «ጓድ ሰይፉ፣ እነሱ በሶሻሊዝም ከኛ ቀድመዋል ብለህ አስተምረኸናል አይደል?»

ሰይፉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«እኔም በምን ይሆን የቀደሙን ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈለግኩ። በሐውልት እንዳልል ሐውልት እኛም አለን። ያገኘሁት ይሄንን ነው» አለችና ሁለት መዳፏን እንግዳው ፊት ዘረጋች።

እንግዳው መዳፏን አየ፣ ሥራ አስኪያጁን አየ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ውጭ ምንዛሪ አንድ ነገር ጀምሮ ሳይጨርሰው ቀረ። እንግዳው ደብተሩ ላይ ጻፈ፣ ፎቶውን ደብተሩ ውስጥ አስገባ፣ ምንም ሳይናገር ተነስቶ ሄደ።

በዚያ ዘመን ጽፎ ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው ያስፈራል። ዘይነባ በማግስቱ በዘንቢል ሽርጥ፣ ነጠላ ጫማና ስድስት ሳሙና ይዛ መጣች። ምን እንደሆነ ስንጠይቃት፣ «ድንገት ቢወስዱኝ ብዬ ነው። እስር ቤት ሳሙና ይቸግራል አሉ» አለችን። እየሳቅን አለቀስን።

ከዐሥር ቀን በኋላ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ፎቶው ተያይዞበታል። ጥያቄው አጭር ነበር፤ ይህ ፎቶ በማን ፈቃድ ቀረበ? ሥራ አስኪያጁ የፋብሪካውን ኮሚቴ ሰብስቦ ሰይፉን አስጠራው። እውነቱን ለመናገር ሰይፉ መውጫ ነበረው። ሴትየዋ አታለለችኝ፣ ልብስ መስሎኝ ነው ቢል ውሸት አልነበረም። ሥራ አስኪያጁም የሚጠብቀው ይሄንኑ ነበር። በሩ ጋ የተቀመጠችው ጸሐፊ ቃል በቃል የሰማችውን መጥታ ነገረችን።

«አይቼ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ፊርማዬ ጀርባው ላይ አለ። ሠራተኛዋም የተናገረችው እኔ ካስተማርኩት ውጪ አይደለም» ብሎ በጽሑፍ ሰጠ።

ዘይነባ ይሄን ስትሰማ ማማሰያዋን አስቀመጠች። «በሰለ» አለች። በማግስቱ ሰይፉ ሥራ የገባው ያለ ኮት ነው።

አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን፣ ያን ሁሉ ልብስ ያነሳሽው ጓንቱን ለመደበቅ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«አይ አንቺ ልጅ፣ ልብሱንም ወድጄው ነው ያነሳሁት። ጓንቱንም ወድጄው ነው። እሱ ልብ አላለውም እንጂ እኔ ምን ደበቅኩ?»

«ሲጠይቅሽ ተሰጥቶ ነው አልሽው እኮ።»

«አልተሰጣም ነበር?» አለችኝ።

ጓንቱ የመጣው ብዙ ወር ቆይቶ፣ እኛም ተስፋ ከቆረጥን በኋላ ነው። ደብዳቤ የለው፣ ማብራሪያ የለው፤ አንድ ሣጥን ብቻ። ጥቁር፣ ደረቅ፣ ጎማ ጎማ የሚሸት፣ ለወንድ እጅ የተሠራ ነበር። ጣቱ ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቀን በልካችን አደረግነው። ዘይነባ በነጭ ቀለም የአሥራ አንዳችንን ስም በየጓንቱ ላይ ጻፈች፤ ግማሽ ቀን ፈጀባት። ሃዋ የራሷን ስም ስታይ ጓንቱን ደረቷ ላይ አስጠግታ አለቀሰች።

ሰይፉ ለግድግዳ ጋዜጣው ፎቶ ሊያነሳን ካሜራውን ይዞ መጣ። ጠረጴዛችን ፊት አሰለፈንና ጓንት ያጠለቀ እጃችንን ከፍ እንድናደርግ ነገረን። ከፍ አደረግን። ሊያነሳ ሲል ዘይነባ፣ «ቆይ ሰይፉ» አለችው። ጓንቷን አወለቀች። «ሁላችሁም አውልቁ። መጀመሪያ ይሄ ይነሳ።»

«አዴ፣ ይሄ እኮ ጋዜጣው ላይ አይወጣም።»

«ለጋዜጣ አይደለም። እጃችን ከዛሬ ጀምሮ ይድናል። ከዳነ በኋላ እንዲህ ነበር ብንል ማን ያምነናል? እኛ ራሳችንም እንረሳዋለን።»

ሰይፉ እጆቻችን ብቻ እንዲገቡለት ጠጋ አለ። ሁሉም አውልቀው እጃቸውን ከፍ አደረጉ። እኔ አልቻልኩም። ያን ሰሞን የኔ እጅ ከሁሉም ብሶ ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም፣ ፊት ለፊቴ ካሜራ የያዘ ወጣት ወንድ ቆሟል። አፍሬ እጄን ከጀርባዬ ደበቅኩ።

ጋዜጣው ላይ የወጣው የጓንቱ ፎቶ ነው፤ የት እንደደረሰ አላውቅም። የእጆቹ ፎቶ ግን ቤቴ አለ። ፊት የለበትም፣ የተላጠና የተሰነጠቀ መዳፍ ብቻ ነው፤ ልጆቼ የትኛው የማን እንደሆነ ይጠይቁኛል። ከግራ የመጀመሪያዋ የሃዋ ናት። ሦስተኛዋ፣ ጣቶቿ በግማሽ የታጠፉት፣ የኔ ናት። አንጓዋን ጥብቅ አድርጎ ይዞ ወደ ላይ ያነሳት እጅ የዘይነባ ነው።